የምትመለሱበትን ቀን ሳትቆርጡ እንዳትሄዱ

(ካናዳ፣ ኤድመንተን ውስጥ በቅርቡ ለመጡ ወጣቶችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ የቅዳሜ ምሽት ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ወጥቷል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ወንበር አለ። ወደ ፊት ኑ። ዛሬ የምናገረው ከሁሉም በላይ ለእናንተ ነው፤ ቅረቡኝ።

በሰሜን አልበርታ ስላለችው የነዳጅ ከተማ፣ ስለ ፎርት ማክመሪ እንድናገር ነው የተጠየቅኩት። እኛ የሠራንበት ሰዎች ፎርት ማክ ነው የምንለው። እዚያ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። በፈረንጆቹ 2010 ገባሁ፣ በ2021 ወጣሁ። ዛሬ የምጠራው ቀን፣ ወርና ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ስገባ የጉልበት ሠራተኛ ነበርኩ። ስወጣ ስካፎልድ ሠሪ ነበርኩ፤ ሠራተኛ ከፍታ ላይ የሚቆምበትን የብረት መወጣጫ የሚተክል ማለት ነው። ካናዳ ከመምጣቴ በፊት ደግሞ ወሎ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። ከጠመኔ ወደ ብረት ማለት ነው።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። በዚህ ዓመት ወደ ሰሜን ለመውጣት የሚያስብ ስንት ሰው አለ? አታፍሩ። አውጡ። አያችሁ? ግማሹ አዳራሽ ነው።

አትሂዱ ልላችሁ አልመጣሁም። እንዴት ብዬ? እዚያ ያገኘሁት ገንዘብ እናቴን አሳክሟል። ሁለት ወንድሞቼን አስተምሯል። የማዝንበት ገንዘብ አይደለም። ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። የምትመለሱበትን ቀን ሳትቆርጡ እንዳትሄዱ። ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ።

ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ። ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ሰውነታችሁ፣ ስለ ቤታችሁ። ገንዘቡን ቶሎ እንጨርሰዋለን። ስለ ቤት ግን ትንሽ ታገሱኝ።

ከዚያ በፊት ቦታውን ላሳያችሁ።

ፎርት ማክ ከዚህ በሀይዌይ 63 ወደ 435 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አታባስካና ክሊርወተር የሚባሉ ወንዞች የሚገናኙበት፣ ዙሪያው ጫካ የሆነ ከተማ ነው። ነዳጁ እንደ ዓረብ አገር ከጉድጓድ የሚፈልቅ አይደለም። አገር ቤት ሬንጅ የምንለውን ታውቁታላችሁ አይደል? ያንን ከአሸዋ ጋር ለውሳችሁ አስቡት። ጥንት የአካባቢው ተወላጆች፣ የክሪና የዴኔ ሰዎች፣ የታንኳቸውን ስንጥቅ ይደፍኑበት ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ የተከፈተው በ1967 ነው። ዛሬ ሰንኮር የሚባለው እሱ ነው። ጥልቁን በእንፋሎት እያሞቁ ያወጡታል። ወደ ላይ የቀረበውን ግን አፈሩን ገልጠው ይዝቁታል። አንድ በርሜል ድፍድፍ ለማግኘት ሁለት ቶን ያህል አሸዋ ይዛቃል። ያንን የሚሸከመው ትልቁ ገልባጭ መኪና ባንዴ ወደ 400 ቶን ይጭናል። የጎማው ቁመት ብቻ 4 ሜትር ይሆናል። ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም ጫፉን አይደርስበትም።

ብርዱስ? ጥር ላይ ከዜሮ በታች 40 የሚገባበት ቀን አለ። ታኅሣሥ ላይ ቀኑ 7 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሥራው ደግሞ 12 ሰዓት ነው። ፀሐይን ሳታዩ ሳምንት ያልፋል።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። እዚሁ ኤድመንተን በርካሽ የገዛሁትን ጓንት አድርጌ ነበር የሄድኩት። ሥራዬ የስካፎልድ ቧንቧ ማቀበል ነው። ብረት ነው። ቅዝቃዜው ጓንቱን አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ለእረፍት ስንገባ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። የሄልሜቴን ማሰሪያ መፍታት አቃተኝ። ሰው ሁሉ ቡናውን ይጠጣል፣ እኔ አገጬ ሥር ከማሰሪያው ጋር እታገላለሁ። አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ተነሳ። ምንም አልተናገረም። እንደ ሕፃን አገጬን ቀና አድርጎ ማሰሪያውን ፈታልኝ። ከዚያ ከቦርሳው ወፍራም ጓንት አውጥቶ እጄ ላይ አደረገልኝ። «በጓንት ላይ ገንዘብ አታትርፍ» አለኝ።

ሰውዬው በካናዳ ምሥራቅ ዳርቻ ካለችው ደሴት፣ ከኒውፋውንድላንድ ነው። አባቱም አያቱም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በ1992 መንግሥት የኮድ ዓሣ ማጥመድን ሲዘጋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዚያ አገር ሰዎች ሥራ አጡ። ብዙዎቹ ፎርት ማክ መጡ። ለጥቂት ዓመት ብሎ ነበር የመጣው። እኔ ሳገኘው ከመጣ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ለጥቂት ዓመት ብሎ ነበር የመጣው።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ካምፕ፣ ማለትም ሥራው አጠገብ ያለው የሠራተኛ መኖሪያ፣ የምትገቡ ከሆነ መኝታውም ምግቡም በነፃ ነው። 14 ቀን ትሠራላችሁ፣ 7 ቀን ታርፋላችሁ። ሌላም አይነት ሽፍት አለ። ኦቨርታይሙ ሲጨመር የመጀመሪያው ቼክ ያስደነግጣል። እኔ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የሚያታልለን ግን ያ ቼክ ነው። ቤት ስትገዙ፣ መኪና ስትገዙ፣ ለአገር ቤት ቃል ስትገቡ፣ ኦቨርታይሙን አትቁጠሩት። በመነሻው ደመወዝ ብቻ አስሉ። ለምን? በ2014 አጋማሽ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። በ2020 ሚያዝያ አንድ ቀን የአሜሪካው ዋጋ ከዜሮ በታች ገባ። ዋጋው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚቀነሰው ማነው? የኮንትራክተሩ ጉልበት ሠራተኛ ነው። እኔና እናንተ ነን። በኦቨርታይም ሒሳብ ትልቅ ቤትና አዲስ ፒክአፕ የገዛ ወዳጄ በ2015 ከሥራ ወጣ። የቤቱን ቁልፍ ለባንክ ሲመልስ አብሬው ሄጃለሁ። ከባንኩ ወጥተን መኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን።

ሌላም አለ። ትልቁን መኪና እነዳለሁ ብላችሁ የምታስቡ ልጆች፣ ሰንኮር በ2018 ያለ ሹፌር የሚሄዱ ከ150 በላይ መኪኖች ቀስ በቀስ እንደሚያስገባ አስታውቋል። ስለዚህ ጉልበት ብቻ ይዛችሁ አትቆዩ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በአንድ ሙያ አፕሬንቲስ፣ ማለትም እየሠራ የሚማር ሰልጣኝ፣ ሆናችሁ ተመዝገቡ። ኤሌክትሪክ ይሁን፣ ብየዳ ይሁን፣ ቧንቧ ይሁን። ሬድ ሲል የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ ያለው ሰው ወረቀቱን ይዞ ካናዳ ውስጥ የትም ይሠራል። እኔ የተመዘገብኩት በአራተኛው ዓመቴ ነው። ሦስት ዓመት አቃጥያለሁ።

አገር ቤት ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። «ካናዳ የነዳጅ ሥራ አለ፣ ለኤልኤምአይኤ ይህን ያህል ላክ» የሚል ሰው በቴሌግራም ሞልቷል። ኤልኤምአይኤ አሠሪው ከውጭ ሠራተኛ ለመቅጠር ከመንግሥት የሚጠይቀው ፈቃድ ነው። ክፍያው 1,000 ዶላር ነው። የሚከፍለው አሠሪው ነው። ከሠራተኛው ላይ መልሶ መውሰድ በሕግ ክልክል ነው። ሥራ ላስገባህ ብሎ ብር የሚጠይቅ ሌባ ነው። የአክስቴ ልጅ ዕቁቡን አውጥቶ፣ በሬ ሸጦ ከላከ በኋላ ነው ለኔ የደወለው። አስቀድሞ ቢደውልልኝ ኖሮ! እባካችሁ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ንገሯቸው።

ሁለተኛው ሰውነታችሁ ነው።

ወደ ሳይት ከመግባታችሁ በፊት ኤችቱኤስ አላይቭ የሚባል የአንድ ቀን ኮርስ ትወስዳላችሁ። ብዙ ሰው ለወረቀቱ ብቻ ይቀመጣል። እንዳታደርጉት። ኤችቱኤስ መርዛማ ጋዝ ነው። ትንሽ ሲሆን የገማ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ይጠፋል። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። አንድ ቀን ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመን፣ አብሮኝ የነበረ ልጅ «ሽታው ለቋል፣ እንውረድ» አለ። ደረቴ ላይ ያለው መሣሪያ ጮኸ። ልጁን በቱታው ኮሌታ ጎትቼ ነው ያወጣሁት። ሽታው ለቋል ሲባል ሩጡ።

አደገኛ ነው ብላችሁ ያመናችሁበትን ሥራ እምቢ ማለት በአልበርታ ሕግ መብታችሁ ነው። ልለምናችሁ፣ ተጠቀሙበት። እኛ ሐበሾች እምቢ ማለት ይከብደናል። «ሰነፍ ይሉኛል» እንላለን። በ2013 ወገቤን ተጎዳሁ። የሠራሁበት ኮንትራክተር ፎርማን «ሪፖርት ከምታደርግ ቢሮ ተቀመጥ፣ ደመወዝህ አይቋረጥም» አለኝ። አመሰገንኩት! አስቡት፣ አመሰገንኩት። ሦስት ሳምንት ወረቀት ሳስተካክል ከረምኩ። ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀና አሰናበቱኝ። ወገቤ ግን አልዳነም። ማስረጃ የለኝም። ጉዳት ሲደርስባችሁ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው ካሳ ለሚከፍለው ለወርከርስ ኮምፔንሴሽን ቦርድም ራሳችሁ አሳውቁ። ፎርማን ወዳጅ ቢሆንም አሳውቁ። ካምፕ ውስጥ ጽዳትና ኩሽና የምትሠሩ እህቶቼ፣ ይህ ለእናንተም ነው። ቀኑን ሙሉ ፍራሽ እያነሱ አልጋ ማንጠፍ ወገብ ይሰብራል። የናንተን ጉዳት ማንም እንደ ጉዳት አይቆጥረውም፤ እናንተ ቁጠሩት።

ስለ አእምሮም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከማዕድኑ የሚወጣው ቆሻሻ ውኃ የሚጠራቀምበት ሰፋፊ ኩሬ አለ። ወፎች እንዳያርፉበት መድፍ የመሰለ ነገር ቀንና ሌሊት ይተኮሳል። በ2008 አንዱ ኩሬ ላይ ያረፉ 1,600 ያህል ዳክዬዎች አልቀው ነበር። ኩሬው ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ቱታ የለበሱ የወፍ ማስፈራሪያዎች በበርሜል ላይ ይቆማሉ። ልክ የኛን ቱታ። ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ አገር ቤት ወታደር የነበረ ልጅ ይተኛ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት መድፉ ሲተኮስ ከአልጋ ሥር ነው ያገኘሁት። ላቡ ሸሚዙን አርሶታል። ወር ሙሉ አልተኛም። ለማንም አልተናገረም። እኔም ያወቅኩት ግድግዳው ስስ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያለባችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሰው ይወቅላችሁ። ሐኪም ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሆነም እኔ አለሁ።

ሦስተኛው ቤታችሁ ነው። ትንሽ ታገሱኝ ያልኩት እዚህ ላይ ነው።

ካምፕ ሰው ይመግባል። ስጋው ዓይነት በዓይነት ነው። በዐቢይ ጾም ሩዝና ድንች ይዤ ጥግ እቀመጥ ነበር። ከእናቴ የተላከ ድርቆሽና በሶ ሻንጣዬ ውስጥ አይጠፋም። ማታ ማታ ክፍሌ ውስጥ ድርቆሹን በሙቅ ውኃ አርሼ በበርበሬ እበላለሁ። የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ ሁሉም ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። እኛ ሐበሾቹ «እኛ እንሥራ፣ የኛ ገና በፈረንጆቹ ጥር 7 ነው» እንላለን። ክፍያው ጥሩ ነው፤ አለቆቹም ይወዱናል። ከዚያ ጥር 7 ሲደርስ ደግሞ እንደማንኛውም ቀን ሥራ ነው። ስንት ገና እንዲህ አለፈኝ መሰላችሁ? ዘጠኝ።

ልጄ ነፍስ ስታውቅ አባቷን የምታየው በየሦስተኛው ሳምንት ነው። አንድ ቀን ጎረቤት መጥታ «አባትሽ የት ሄደ?» ስትላት «ቤቱ» አለች። ካምፑን ማለቷ ነው። እኛ የምንኖርበት የእማዬ ቤት ነበር። የአባዬ ቤት ሰሜን ነው። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰች። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ ለእረፍት ስመጣ ልብሴን ከሻንጣ ማውጣት ትቼ ነበር።

ከዚያ እሳቱ መጣ። ግንቦት 3 ቀን 2016። ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችሁታል። 88 ሺህ ያህል ሰው ከተማውን ለቆ ወጣ። 2,400 ያህል ሕንፃ ተቃጠለ። ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ በእሳት ሲዘጋ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደኛ ካምፖች ሸሸ። በሩን ከፍተን ተቀበልናቸው። እኔ ክፍሌን ሁለት ልጆች ለያዘች እናት ለቅቄ ከጓደኛዬ ጋር ወለል ላይ ተኛሁ።

ሌሊት ላይ ከልጆቹ አንዱ አለቀሰ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ግራና ቀኝ በር ብቻ። በሮቹ አንድ በአንድ መከፈት ጀመሩ። ትልልቅ ወንዶች፣ ፂማሞች፣ በካልሲ ወጡ። ተቆጥተው መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅላት ተነሳሁ። አንዳቸውም አልተቆጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ያዳምጡ ነበር። ያ ካምፕ ውስጥ የልጅ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ያ የኒውፋውንድላንድ ሽማግሌም መጥቶ ነበር። ልጁ ዝም እስኪል አንድም ሰው ወደ ክፍሉ አልተመለሰም።

ያን ሌሊት መውጣት አለብኝ አልኩ። በነጋታው ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኳት። የወጣሁት መቼ ነው? በ2021። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት። ለምን? ቀኑን አልቆረጥኩም። «በቅርቡ» ነበር ያልኩት። በቅርቡ የሚባል ቀን ካላንደር ላይ የለም።

አሁን ደግሞ ስለ እናቴ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በዚያ ትልቅ መኪና አጠገብ፣ ንጹሕ ቱታ ለብሼ ፎቶ ተነስቼ ላክሁላት። እሷም «ልጄ የነዳጅ መሐንዲስ ነው» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየች። አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደስታዋን መንጠቅ መሰለኝ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ። የወንድሜ ባጃጅ። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ። መሐንዲስ ነዋ! እንዴት እምቢ ይላል? መውጫ ቀኔን በየዓመቱ የገፋው ይህ ነው። ገንዘብ ያልተጠራቀመልኝ በማንም ስግብግብነት አይደለም፣ በዝምታዬ ነው። አገር ቤት ያሉት ክፉ አይደሉም። አያውቁም። ያልነገርኳቸውን እንዴት ይወቁ?

በ2020 ክረምት ደወልኩላት። «እማዬ፣ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ብረት ተሸካሚ ነኝ። ወገቤ ያመኛል። ጣቶቼ ብርድ ሲነካቸው ይነጣሉ» አልኳት። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ። «አለሁ» አለች። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? «ቆርቆሮው ይቆይ ነበር'ኮ፣ ልጄ።»

አሥር ዓመት የፈራሁት መልስ ይኸው ነው። ቆርቆሮው ይቆይ ነበር። በዓመቱ ወጣሁ።

እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉላቸው። ሥራው ምን እንደሆነ ንገሯቸው። ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ብርዱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት እንደምትልኩና እስከ መቼ እንደሆነ ንገሯቸው። ፎቶ ከላካችሁ የቆሸሸውን ቱታ ላኩ።

የመመለሻ ቀናችሁን ስለምትጽፉበት ወረቀት ልንገራችሁና ልጨርስ። እኔም በ2010 ስሄድ «ሐምሌ 2012» ብዬ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሐምሌ 2012 ሲመጣ አየሁትና መልሼ አጠፍኩት። ማን ያየኛል? ማን ይጠይቀኛል? ስህተቴ መጻፌ አይደለም፤ ወረቀቱን ራሴ መያዜ ነው። ሌላ ሰው ይያዘው። ቀኑ ሲደርስ ደውሎ «ምን ሆነህ ቀረህ?» የሚላችሁ ሰው ይያዘው። ሚስት ትሁን፣ እናት ትሁን፣ የንስሐ አባት ይሁን።

ሰው ከሌላችሁ እኔ እይዘዋለሁ። እውነቴን ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ስማችሁን፣ ስልካችሁን፣ ወሩንና ዓመቱን ጻፉልኝ። እደውላለሁ። ባታነሱም እደውላለሁ።

ነገ ማለዳ በአውቶቡስ የምትወጡ ሁለት ልጆች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። የትኞቹ ናችሁ? እሺ፣ አየኋችሁ። ያደረጋችሁት ጓንት ያ ነው? አይሆንም። መኪናዬ ውስጥ ሁለት ጥንድ ወፍራም ጓንት አለ፤ ለናንተ ያመጣሁት ነው። ወረቀታችሁን ጽፋችሁ ወደኔ ኑ፣ አብረን ወጥተን እንወስዳለን።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡናው ደርሷል መሰለኝ።